ሶብር ማለት ዝም ማለት አይደለም

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

የዛሬውን ዝግጅት የምንጀምረው የራሳችንን ስሕተት በማረም ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ከአንድ ወጣት ወንድማችን መልእክት ደርሶን ነበር። ልጁ ያደገው በወሎ ምድር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ ተደስቶ ነበር። እናቱ ሶደቃ አወጡ፤ አባቱ ሁለት በግ ሸጠው ሻንጣና ብርድ ልብስ ገዙለት። የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ግን ከቤቱ የሁለት ቀን የአውቶብስ መንገድ የሚያስኬድ ነበር። እንዲህ ሲል ጻፈልን፦

«ከመጣሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን እንኖራለን፤ እኔ ግን ብቻዬን ነኝ። የአካባቢውን ቋንቋ አልችልም። ሌሊት እስከ ሱብሒ ዐይኔ አይከደንም። ክፍል እገባለሁ፤ መምህሩ የሚለው ጆሮዬ ላይ ይቀራል እንጂ ውስጤ አይገባም። ምግብ ጠላሁ። ቤት ስደውል ‹ደህና ነኝ› እላለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ። ለሶላት ስቆም እንኳ ሐሳቤ ይበተናል። ምን ሆኜ ነው?»

እኛም በዚሁ ዝግጅት መልስ ሰጠነው። ሶብር እንዲያደርግ፣ ቁርኣን መቅራት እንዲያበዛና ጥሩ ጓደኛ እንዲይዝ መከርነው። ሦስቱም መልካም ምክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ልጁ የጠየቀን «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ነበር፤ እኛ ደግሞ እሱን ሳንመልስለት አለፍን።

ከአንድ ወር በኋላ ታላቅ እህቱ ጻፈችልን። «ወንድሜ ዝግጅታችሁን ሰምቶ ‹ለካ የደከመው ኢማኔ ነው› ብሎ ተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል መግባት አቆመ» አለችን። መልእክቱን ስናነብ ደነገጥን። ልጁን ልናነሣው የተናገርነው ቃል ይበልጥ ጥሎት ነበር። እህቱ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ብር ተበድራ፣ አውቶብስ ተሳፍራ ሄደች፤ ከዶርም አስወጥታም ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ወሰደችው። ከዚያም የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ላኩት። በመልእክቷ መጨረሻ አንድ ነገር አደራ አለችን፦ «እንዲህ ያለ ነገር ሐኪም እንዳለው፣ ሐኪም ዘንድ መሄድም ነውር እንዳልሆነ ንገሩልን።»

እነሆ አደራውን ልንወጣ ነው። ታሪኩን የምናወጋችሁ በሁለቱም ፈቃድ ሲሆን፣ እንዳይታወቁ አንዳንዱን ነገር ለውጠነዋል።

ችግሩ ምንድን ነው?

በሰው ሕይወት ውስጥ ትልቅ ለውጥ ሲመጣ መጨነቅ የተፈጥሮ ነው። ከቤት መራቅ፣ ፈተና መውደቅ፣ ሥራ ማጣት፣ መፋታት፣ የወላጅ ሞት፣ ወደ ሌላ አገር መሄድ ወይም ከሄዱበት መመለስ ማንንም ያናውጣል። ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። አንዳንዱ ግን ሐሳቡ ከዚያ ለውጥ ላይ አልነቀል ይለዋል። ቀን ከሌሊት ያንኑ ያመላልሳል፤ እንቅልፉ ይሸሻል፤ ትምህርቱ ወይም ሥራው ይበላሻል፤ ከሰው ይርቃል። ይህን ባለሙያዎች ከለውጥ ጋር የመላመድ መታወክ ይሉታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥም ይገኛል።

በዝርዝሩ መሠረት ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ለውጡ በደረሰ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ካልቀጠለ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ይረግባል። ስለዚህ ምክንያቱ የሚታወቅ፣ መነሻውም የሚነገር፣ ባብዛኛውም የሚያልፍ ችግር ነው። እብደት አይደለም። ጊዜው ያልፋል ማለት ግን ዝም ይባል ማለት አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ተማሪ ከትምህርቱ ሊባረር፣ አንዲት ሙሽራ ትዳሯን ልትፈታ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ አንድ ወጣት በራሱ ላይ ሊጨክን ይችላል። ችግሩ ካልታከመ ወደ ድብርት ሕመም ሊያመራም ይችላል።

በተለይ ከ18 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ለውጦቹ እየተደራረቡ ይመጣሉ። ልጁ በአንድ ጊዜ ከቤት ይወጣል፣ ገንዘብ መያዝ ይጀምራል፣ የወደፊቱን ይወስናል። በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉና የደጋው ልጅ ቆላ፣ የምሥራቁ ልጅ ምዕራብ መመደቡ የተለመደ ነው። ፈተናውን ያላለፉትም አሉ። በጥር 2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ለዓመታት «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር» እየተባሉ ያደጉ ስንት ልጆች ያን ቀን ስማቸውን እንዳጡ እናስተውል።

የኢማን ማነስ ነውን?

ወንድማችንን የጎዳው ይህ ጥያቄ ነውና በደንብ ልናየው ይገባል።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ታመው ነበር። ቢላል ትኩሳቱ ቀለል ሲልለት ድምፁን ከፍ አድርጎ የመካን ሸለቆና ሣሯን እየጠራ በግጥም ይናፍቅ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። መካ ለቢላል ምን ነበረች? በጋለ አሸዋ ላይ ያጋደሙበት፣ ድንጋይ ደረቱ ላይ የጫኑበት አገር ናት። ይህም ሆኖ ናፈቃት። ሰው የተሠቃየበትን አገር እንኳ ሲለይ ሆዱ ይባባል። የቢላል ኢማን ደካማ ነበር የሚል ሙስሊም ይኖራል? ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን በሰሙ ጊዜ ቁጣ ወይም ወቀሳ አላሰሙም፤ መዲና የተወደደች አገር እንድትሆንላቸው ዱዓእ አደረጉ።

በዱዓእም ብቻ አላበቁም። እያንዳንዱን ስደተኛ ከአንድ የመዲና ሰው ጋር ወንድማማች አደረጉ። ዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍ ከሰዕድ ቢን ረቢዕ ጋር ተጣመሩ። ሰዕድ ከሀብቱ ግማሹን ሊያካፍለው ቢያቀርብለትም ዐብዱረሕማን መርቆት ገበያው የት እንዳለ እንዲያሳየው ጠየቀ። ልብ በሉ። አዲስ ለመጣው ሰው መጀመሪያ የተሰጠው አንድ የሚቀርበው ሰው ነው፤ ቀጥሎም አንድ ትንሽ የሥራ መንገድ። የዛሬ ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ከዚህ የራቀ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናያለን።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤታቸውን ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን በአንድ ዓመት ውስጥ አጥተዋል፤ ያ ዓመትም በታሪክ የሐዘን ዓመት ተብሎ ይጠራል። ሐዘን ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በዚህ ስም ባልተጠራ ነበር።

የጥንት ሊቃውንቶቻችንም ጉዳዩን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ934 የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚያም ሐዘንን ለሁለት ከፍሎታል፤ አንደኛው ምክንያቱ የሚታወቅ፣ ሁለተኛው ምክንያቱ የማይታወቅና ከአካል የሚመነጭ ነው። የመጀመሪያውን በንግግርና ሐሳብን በማቃናት፣ ሁለተኛውን ደግሞ በአካል ሕክምናም ጭምር እንዲታከም መክሯል። ይህን የጻፈው ከ1,000 ዓመት በፊት ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ወደ አማካሪ ሲሄድ የፈረንጅ ልማድ ተከተለ የምንል ካለን ታሪካችንን ዘንግተናል።

ቁርኣን መቀራቱስ? መልካም ነው፤ ይቀራለት። ሕክምናና ዱዓእ ግን የሚቀናኑ ጣውንቶች አይደሉም። እግሩ ለተሰበረ ሰው ዱዓእ እያደረግን ወደ ወጌሻ እንደምንወስደው ሁሉ፣ ልቡ ለተሰበረም እንዲሁ ነው። መጠንቀቅ የሚገባው «ጂን ነው፣ ድግምት ነው» እያለ ከደሃ ቤተሰብ በሺዎች ብር የሚቀበልና ልጁን ከሐኪም የሚከለክለውን ሰው ነው።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

ብዙዎቻችን «የአእምሮ ሕክምና» ሲባል ትዝ የሚለን ሰንሰለት ወይም መርፌ ነው። ወንድማችንም በር ላይ ደርሶ «ተመልሼ ልሂድ» ብሎ እንደነበር ነግሮናል። የገጠመው ግን ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ያለው ክፍል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አማካሪው የጠየቀው «ምን ያምሃል?» ብሎ ሳይሆን «ምን ተለወጠብህ?» ብሎ ነው። ልጁ መዘርዘር ጀመረ። ቤቱ፣ ቋንቋው፣ ምግቡ፣ የእናቱ ድምፅ። በመጨረሻ ራሱም ያላሰበው ነገር ከአፉ ወጣ፤ በትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ እዚህ ማንም የማያውቀው ሆኗል። አማካሪው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡና ስለ ጫት ጠየቀው። «መሞት ይሻለኛል ብለህ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎም በግልጽ ጠየቀው። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ መጠየቁ ግን ሐሳቡን ሰው ላይ አይተክልም፤ ይልቁን ሸክሙን ያቀልለታል። ከዚያ የችግሩን ስም ነገረው፤ የሚታከም እንደሆነም አስረዳው። ልጁ «ስም እንዳለው ስሰማ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ» ብሎናል።

በሁለተኛው ቀን ስለ እንቅልፍና ስለ ትንፋሽ ተነጋገሩ። በሆድ ቀስ ብሎ መተንፈስን ተለማመደ፤ ትንፋሹን ሦስት እስኪቆጥር ያስገባል፣ ሦስት እስኪቆጥር ያስወጣል። ጭንቀት ሲመጣ ልብን የሚያስሮጠውን ፈጣን ትንፋሽ የሚያረጋጋ ቀላል ዘዴ ነው። ቀን አልጋ ላይ መዋልን እንዲተው፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንዲነሣና ሌሊት ስልኩን ከራስጌው እንዲያርቅ ተስማሙ። ሱብሒን ሰግዶ ተመልሶ መተኛቱ ቀረ፤ ያን ሰዓት ለጥናት አደረገው።

በሦስተኛው ቀን ወረቀት ወጣ። ያስጨነቀውን ሁሉ ጽፎ ለሦስት ከፈለው፤ ሊፈታ የሚችል፣ ሊፈታ የማይችልና ያን ያህል የማያስጨንቅ። የቦታው ርቀት ሊፈታ አይችልም። ክፍል ውስጥ አለመረዳቱ ግን ሊፈታ ይችላል። አንዷን ብቻ መርጠው የመፍትሔ ሐሳቦችን ሳይነቅፉ ደረደሩ፤ ከፊት መቀመጥ፣ መምህሩን መጠየቅ፣ ጥሩ ማስታወሻ ከሚይዝ ልጅ ጋር ማጥናት። የመጨረሻውን መረጠ። «ማክሰኞ ከዐስር በኋላ እጠይቀዋለሁ» ብሎ ቀንና ሰዓት ቆረጠ። ማክሰኞ ልጁን አላገኘውም። የድሮው ሐሳብ «ያው አልሆነልህም» አለው። ግን ከአማካሪው ጋር ይህም ሊያጋጥም እንደሚችል ተነጋግረው ነበርና ሐሙስ ሞከረ፤ ተሳካ።

በአራተኛው ቀን ስለ እንቅስቃሴ ተነጋገሩ። የተጨነቀ ሰው «ሲሻለኝ እወጣለሁ» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲወጣ ነው የሚሻለው። ስለዚህ ስሜቱ እስኪመጣ ሳይጠብቅ በጣም ትንሽ ሥራ ይጀምራል። ለወንድማችን የተሰጠው የዐሥራ አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ቁርስ ሳያልፍ ካፌ መግባትና በሳምንት ሁለት ቀን ከጊቢ ውጭ ባለው መስጂድ በጀማዓ መስገድ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

በአምስተኛው ቀን «ይህን ካልቻልኩ የቤተሰቤ ማፈሪያ ነኝ» የሚለውን ሐሳብ ፊት ለፊት አስቀምጠው መረመሩት። ማን እንዲህ አለህ? አባትህ ብለዋል? ታናሽ ወንድምህ ቢሆን ምን ትለው ነበር? ልጁ ለወንድሙ የሚለውን ለራሱ ብሎ እንደማያውቅ ተገነዘበ።

የቤት ሥራው ለእናቱ እውነቱን መንገር ነበር። ይህ ከሁሉም ከበደው። ደወለ። «እማ፣ ደህና አይደለሁም» አላቸው። እናቱ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉት፦ «እኔም ከሄድክ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ደህና ነኝ ስትለኝ የናፈቅሁት እኔ ብቻ መስሎኝ አፍሬ ነበር።» ልጅና እናት ለወራት እርስ በርስ ላለማስጨነቅ ሲሉ ብቻቸውን ሲያለቅሱ ነበር ማለት ነው።

በስድስተኛውና በመጨረሻው ቀን ችግሩ ቢመለስ ምን እንደሚያደርግ ጽፎ ያዘ። ስድስት ቀን፣ በሳምንት አንድ ቀን። መርፌ የለ፣ ሰንሰለት የለ። የሰማነውን ሁሉ ጥሩ አድርገን ብቻ ልንነግራችሁ አንሻም፤ ወንድማችን ክፍል ያልገባባቸው ሳምንታት ዋጋ አስከፍለውታል፤ አንድ ኮርስ ወድቆ ሊደግም ነው። አሁንም የሚከብዱት ሌሊቶች አሉ። ነገር ግን ይማራል።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው እንዳትሉ። በዚምባብዌ መዲና ሐራሬ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሥራ አለ። የአእምሮ ሐኪም ባነሰበት አገር አያት የሆኑ ሴቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የተጨነቀ ሰው ይመጣል፣ ይናገራል፣ አንድ ችግር ይመርጣል፣ መፍትሔ ያወጣል። በሾና ቋንቋ ችግሩን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ በዛባት» አይደል የምንለው? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት ወንድማችን ካለፈበት ጋር የሚመሳሰል የአምስት ቀን መርሐ ግብር አውጥቷል፤ የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው የሚሰጡት ሲሆን፣ በፓኪስታን ፔሻዋር ከተማ ተሞክሮ ጠቃሚነቱ ታይቷል።

መድኃኒትስ? ለዚህ ችግር የሚቀድመው ንግግር ነው። እንቅልፍ ፈጽሞ ሲጠፋ ወይም ወደ ድብርት ሲያመራ ሐኪም ሊያዝ ይችላል። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ግን አደጋ ነው። ጫትም እንዲሁ። ጫት የተጨነቀውን ለጥቂት ሰዓት ያነቃና እንቅልፉን ይወስድበታል፤ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ ይከተላል። በአንድ ጭንቀት የገባ ወጣት በሁለት ሱስ ይወጣል።

ከዐረብ አገር ለተመለሱ እህቶች

ይህንኑ ነገር ከሳዑዲ፣ ከኩዌትና ከቤይሩት ከተመለሱት እህቶቻችንም እንሰማለን። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልቆመም። ሰው «አገሯ ገባች፣ ምን ቀራት?» ይላል። እሷ ግን ስትሄድ የደላላ ዕዳ አስይዛ ነው፤ ስትመለስ የላከችው ገንዘብ አልቆ፣ ታናናሾቿ አድገው፣ እኩዮቿ ወልደው ታገኛለች። ሌሊት የማዳም ጥሪ የተሰማት እየመሰላት ትባንናለች። በቤቷ እንግዳ ትሆናለች።

ለእሷም ሕክምናው ያው ነው፤ የሚለየው ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ችግር ነው። ዕዳው ሊፈታ ይችላል፤ በአንድ ቀን ግን አይደለም። የጠፋው ዕድሜ አይመለስም፤ ስለ እሱ ማልቀስ ግን ይፈቀድላታል። ድብደባ ወይም መደፈር ደርሶባት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከመላመድ ችግር ያለፈ ነውና ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል። እባካችሁ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብለን አንቀበላት።

ቤተሰብና ጀማዓ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ እናዳምጥ። «እኛ በዕድሜህ ስንት አሳልፈናል»፣ «ምን ጎደለህ?»፣ «ሰው ሰምቶ ምን ይላል?» የሚሉት ቃላት አፍ ያዘጋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እንዲደብቅ የምናደርገው ግን ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ይልቅ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ከባድ ያልሆነ ጥያቄ ነው፤ በሩን ግን ይከፍታል።

ሁለተኛ፣ አብረን እንሂድ። በየዩኒቨርሲቲው ክሊኒክና የምክር አገልግሎት እንጠይቅ። በሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕክምና ነርሶች አሉ። አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ይታወቃል። ባለሙያዎቹ ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ወረፋ ቢኖር ተስፋ አንቁረጥ። የሰማነውን ምሥጢርም እንጠብቅ፤ አማና ነው።

ሦስተኛ፣ የሚያስቸኩለውን እንለይ። ስለ መሞት የሚያወራ፣ ዕቃውን እያከፋፈለ የሚሰናበት፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት የማይበላ ወይም ስድስት ወር አልፎት እየባሰበት የሄደ ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ማየት አለበት። ብቻውን አንተወው። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ገመድና ስለት ከአጠገቡ እናርቅ። ነገ እንወስደዋለን አንበል።

አራተኛው ለመስጂድ ጀማዓዎችና ለተማሪዎች ጀማዓ ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ነባር ተማሪ ብንመድብለትስ? ካፌውንና ቤተ መጻሕፍቱን የሚያሳየው፣ በሳምንት አንዴ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» የሚለው፣ ካስፈለገም ክሊኒክ የሚያደርሰው። ገንዘብ አይጠይቅም። በመዲና የተደረገውን ማስታወስ ብቻ ነው። ወንድማችን ዶርም ከገባበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ እህቱ ብር መበደር ባላስፈለጋት ነበር ብለን እናምናለን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ሶብር አድርግ ማለታችንን አንተውም። ነገር ግን ሶብር ዝም ብሎ መተኛት አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሹን እየቆጠረ የሚጠብቅ ሰው ሶብር አድርጓል። ማክሰኞ ሳይሳካለት ሐሙስ የሞከረም ሶብር አድርጓል። «ደህና አይደለሁም» ብሎ ለእናቱ የደወለውም እንዲሁ።

ለወንድማችንም ያኔ ያልመለስንለትን ዛሬ እንመልስለት። «ምን ሆኜ ነው?» ብለኸን ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ተለውጦብህ፣ ሸክሙ ከጉልበትህ በልጦ ነው። ጥፋት አይደለም። ስም አለው፤ ሕክምናም አለው። መልሱን በመዘግየታችንና በማጉደላችን ይቅር በለን።

አላህ የተጨነቁትን ሁሉ ያስተንፍስልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።